ልጅ በሰው ፊት መናገርን ከማን ይማራል?

ዕውቀትም ማዕርግም ሳይጐድለው፥ በጉባኤ ፊት በቆመ ጊዜ ግን ቃል የሚያጥረው ሰው ብዙ ነው። ጉዳዩን በቤቱ ሲያወራው ያማረና ሥርዓት ያለው የነበረ ሰው፥ ተነሥተህ ተናገር በተባለ ጊዜ ዓይኑን በወረቀቱ ላይ ተክሎ፥ ድምፁን ወደ ጕሮሮው መልሶ ያጕተመትማል። ሰሚዎቹም ነገሩን ትተው ፍርሃቱን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት እውነት ይዞ የተረታ ባለ ጉዳይ፥ የሚጠቅም አሳብ ይዞ ዝም ያለ ሹም ስንት እንደ ሆነ እግዚአብሔር ይቍጠረው።

ይህን ጕድለት ብዙዎች የተፈጥሮ ነው ይሉታል። እኛ ግን አብዛኛው ከአስተዳደግ የመጣ ነው እንላለን። በጎንደርና በሰሜን ደጋ ባሉ ጨዋ ቤቶች የቆየው ልማድ፥ እንግዳ በመጣ ጊዜ ልጅ እጅ ያስታጥባል፥ መብራት ይይዛል፥ እጁን አጣምሮ ይቆማል፤ አፉን እንዲከፍት ግን አይፈቀድለትም። ትሕትናውን እናመሰግናለን፤ ትሕትና የሌለው ተናጋሪ ለማንም አይበጅም። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም በል ሲባል የኖረ ልጅ፥ በሃያ አንደኛው ዓመት አራዳ ወርዶ በሕዝብ መካከል ተናገር ቢሉት ድፍረቱን ከየት ያመጣዋል?

ጎንደር ራስዋ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ታውቅ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ መጥቶ ያየውን ሲጽፍ፥ በንጉሡ ምክር ላይ አስቀድሞ አሳቡን የሚሰጠው በማዕርግ የሚያንሰው እንደ ነበረ ይነግረናል። ንግግሩ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ይሄድና፥ በመጨረሻ የንጉሡ ቃል ቃለ ዐፄ በተባለው ሹም አፍ ይሰማ ነበር። ብልሃቱ ግልጥ ነው፤ ታላቁ ከተናገረ በኋላ ታናሹ እውነት ነው ከማለት በቀር ምን ቃል ይተርፈዋል? እንግዲህ ይህን ሥርዓት ወደ ማታ ገበታችን ብናመጣው ምን ይከለክለናል? በሳምንት አንድ ቀን፥ ከራት በኋላ፥ ከሁሉ ታናሹ ልጅ ተነሥቶ በዚያ ሳምንት ያየውን ወይም ያነበበውን አንድ ነገር ይናገር፤ ከዚያ ታላቁ ይቀጥል፤ አባት በመጨረሻ ይናገር። ልጁ በሚናገርበት ጊዜ አባት ጋዜጣውን አጥፎ፥ እናትም ሥራዋን አቁማ ይስሙት። ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰሚ ያላገኘ ልጅ ተናጋሪ አይሆንምና።

የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶችም ይህን አሳምረው ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ ቀን ሲያስብ የዋለውን ቅኔ ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርባል፤ ይህም ቅኔ ነገራ ይባላል። ጓደኞቹ እየሰሙ ይናገራል፥ መምህሩ ያርመዋል፥ በማግሥቱም ሌላ ይዞ ይመጣል። በዚህ ዓይነት ዓመታት ያሳለፈ ሰው በበዓል ቀን በሊቃውንት መካከል ቢቆም ጕልበቱ አይከዳውም። ደግሞም ጎንደር በአታ የታወቀችበት ትምህርት ስሙ አቋቋም መሆኑን ልብ በሉ። ሰው እንዴት እንደሚቆምና እንደሚንቀሳቀስ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው ብለው አባቶቻችን ሲያስተምሩ፥ የዛሬው ተናጋሪ በአንድ እግሩ ቆሞ ቁልፉን በኪሱ ውስጥ ያንኳኳል።

ስለ ዝምታም ጥቂት እንበል፤ ዝምታን የማያውቅ ንግግርን አያውቅምና። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት በቀረቡ ጊዜ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያውኩ ተነሡ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከጩኸቱ ጋራ አልተሽቀዳደሙም፤ ጋዜጠኞቹ ተይዘው እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያም ፈረንሳይኛ አሳምረው እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። በተቻለ መጠን ልጆቻችሁ አስቀድመው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መናገርን ይልመዱ፤ የውጭው ቋንቋ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለሴት ልጅ ይህ ምን ይረባታል የሚል አይታጣም። የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሹም ሆነው አስተማሩ፤ በ1950 ዓ.ም.ም በሕዝብ ተመርጠው ከሴቶች የመጀመሪያዋ የምክር ቤት አባል ሆኑ። መልሱ ይበቃል።

ለትልልቆቹ ደግሞ አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። ከንግግር በፊት ድፍረት ይሰጠኛል ብሎ አረቄ የሚቀምስ ሰው አለ። አረቄ ፍርሃትን ያስወግድ ይሆናል፤ ግን ሥርዓቱንም አብሮ ይወስደዋል፥ ንግግሩም ማብቂያ ያጣል። ይልቅስ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር በቃሉ ያጥና፤ ከመጀመሩም በፊት አንድ ጊዜ በረዥሙ ይተንፍስ፤ መካከሉን ለሚያውቀው ጉዳይ ይተወው።

ወደ ልጁ እንመለስና፥ ተናግሮ በጨረሰ ጊዜ ስሕተቱን ሁሉ በአንድ ላይ አትቍጠሩበት። አንዱን ብቻ ንገሩት፥ የቀረውን ለሚመጣው ሳምንት አቈዩለት። በቤት እንግዳ ካለ ደግሞ እርማቱ እንግዳው ከሄደ በኋላ ይሁን።