እበት ቀባሪዋ ጥንዚዛ

ልጆቻችን መስክ ላይ ትኩስ እበት ሲያዩ አፍንጫቸውን ይዘው ዞር ይላሉ። እኛ ትልልቆቹም ከእነርሱ አንሻልም። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ግን ጎንበስ ብለን እበቱን በእንጨት ገለጥ እናድርገው። ከሥሩ ጥቁርና ቡናማ ጥንዚዛዎች አፈር ሲቆፍሩ እናገኛለን።

ዐረቦች «ጁዐል» ይሏታል። የበስራው ሊቅ አል-ጃሒዝ ከ1100 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ስለ እንስሳት በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ ውስጥ አንስቷታል። የጥንት ሰዎች የጽጌረዳ ሽታ ይገድላታል፣ ወደ እበቷ ስትመለስ ነፍስ ትዘራለች ይሉ ነበር። ይህ ተረት ነው፤ ነገር ግን የምትኖርበትን በደንብ ማየታቸው አይካድም።

ብዙዎቻችን የምናውቀው እበት አድቦልቡለው በኋላ እግራቸው እየገፉ የሚያንከባልሉትን ነው። ከእነዚህ አንዷ፣ የደቡብ አፍሪካዋ፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት አቅጣጫዋን የምትጠብቀው በፍኖተ ሐሊብ የከዋክብት ብርሃን ነው። ተመራማሪዎች የካርቶን ቆብ አድርገው ሰማዩን ሲጋርዱባት መንገዱ ጠፍቷት ስትዟዟር አይተዋል፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

እኛን የበለጠ የሚያስደንቁን ግን ቀባሪዎቹ ናቸው። ለምሳሌ «ጋዜላ» የተባለችው የአፍሪካ ሣር ምድር ጥንዚዛ ቁመቷ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እበቱ ሳይደርቅ በሽታው እየተመራች በርራ ትደርሳለች። ከሥሩ ዋሻ ትቆፍርና እበቱን እየጎተተች አውርዳ ትጠቀጥቃለች። በእያንዳንዱ ጥቅል አንዲት እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ እናቱ ያዘጋጀችለትን ስንቅ ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ አየሩ ሞቃት ከሆነ በአንድ ወር ገደማ ጥንዚዛ ሆኖ ይወጣል። የተረፈው ለሣሩ ሥር ማዳበሪያ ነው። በዋሻውም የዝናብ ውሃ ይሰርጋል፣ አየር ይገባል።

ቁጥራቸውም ቀላል አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ በአንድ ኪሎ ተኩል የዝሆን ፋንድያ ላይ 16,000 ጥንዚዛዎች ሰፍረው በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዳጸዱት እ.ኤ.አ. በ1974 ተመዝግቧል።

እነርሱ በሌሉበት ምን እንደሚሆን ያየችው አውስትራሊያ ናት። የቀንድ ከብት እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1788 ነው። የአገሩ ጥንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮን ደረቅ በጠጥ ስለነበር የላሙን እርጥብ እበት አብዛኞቹ አልደፈሩትም። አንድ ከብት በቀን አሥር ጊዜ ያህል ይጥላል እንበል፤ በሚሊዮን ስታባዙት መስኩ ምን እንደሚመስል ገምቱ! እበቱ ለወራት ደርቆ ይቀመጣል፣ ዙሪያውን የበቀለውን ሣር ከብት አይነካውም፣ ዝንብ ይራባል። ጆርጅ ቦርኔሚሳ የተባለ የሀንጋሪ ተወላጅ የሦስት አጽቂ ተመራማሪ ይህንን አስተውሎ መፍትሔው ከውጭ ጥንዚዛ ማምጣት ነው አለ። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1985 ቆየ። በሽታ አብሮ እንዳይገባ ከአፍሪካ የሚላኩት እንቁላሎች በመድኃኒት እየታጠቡ በሰው እጅ በተድቦለቦለ እበት ውስጥ ይቀመጡ ነበር። እናት የምትሠራውን ሥራ ሳይንቲስት ሲሠራ! ጋዜላ እ.ኤ.አ. በ1968 ተለቀቀች። በአጠቃላይ ከተለቀቁት 43 ዝርያዎች 23ቱ ተላምደዋል፤ በየአካባቢው ዝንቡ ቀንሷል።

ከብት ላላቸው አንባቢያን አንድ ጉዳይ አለን። ለውስጥና ለውጭ ጥገኛ ተውሳክ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ከከብቱ ሰውነት በአብዛኛው የሚወጣው በእበት ነው። በዚያ እበት ያደጉ እጮች ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይሞታሉ። ከብታችሁን አታክሙ ማለታችን አይደለም፤ የታመመ ከብት ይታከም። ነገር ግን መንጋውን በሙሉ በአንድ ቀን ከማስወጋት በፊት የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁ። ሳይታከሙ ሊቆዩ የሚችሉ ጥቂት ከብቶች በዚያው መስክ ቢሰማሩ ጥንዚዛዎቹ ንጹሕ እበት ያገኛሉ።