ቤቱ ያልቻለውን ማን ይሸከመው? ቅይጥ የሥራ ሥርዓትና የፒያሳ አዳዲስ ቢሮዎች

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ተጠቂ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተወሰነ። እርምጃው የተወሰደው ለጤና ሲባል እንጂ አሠራርን ለመለወጥ አልነበረም። ያም ሆኖ ሥራ የሚሠራው መሥሪያ ቤት ተገኝቶ ብቻ ነው የሚለውን የቆየ እምነት በአንድ ጊዜ ፈተና ላይ ጣለው። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቋረጥ፣ ሁለተኛው ትምህርት ተከተለ። ቤቱን ቢሮ ያደረገ ሠራተኛ መስመሩ ሲቆረጥ ቢሮ አልባ ሆነ። ሁለቱ ክስተቶች እርስ በርስ የሚጋጩ ቢመስሉም የሚያደርሱት ወደ አንድ ድምዳሜ ነው፦ ሥራው ከሕንፃው መውጣት ይችላል፤ የአዲስ አበባ ቤት ግን ብቻውን ሊሸከመው አይችልም።

ጉዳዩ ዛሬ በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በፒያሳ፣ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ክብደት አለው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ የነባሮቹ ሰፈሮች ሰፊ ክፍል ፈርሷል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። በተለቀቀው መሬት ላይ የሚቆሙ ሕንፃዎች የሥራ ቦታ ማለት ምን እንደሆነ ለአንድ ትውልድና ከዚያም በላይ ይወስናሉ። ስለዚህ ቅይጥ የሥራ ሥርዓት፣ ማለትም የሥራ ቀናትን ለቢሮና ከቢሮ ውጭ ላለ ቦታ ከፍሎ መሥራት፣ ለሰው ሀብት መምሪያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። መሠረት ከመጣሉ በፊት በነዳፊው ጠረጴዛ ላይ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ከሻንጋይ የተወሰደው ውጤትና የተዘለለው ቅድመ ሁኔታ

በዚህ መስክ ዘወትር የሚጠቀሰው፣ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ሲትሪፕ በተባለው የቻይና የጉዞ አገልግሎት ኩባንያ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ነው። በሻንጋይ የሚገኙ የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ለዘጠኝ ወራት፣ ከአምስቱ የሥራ ቀናት አራቱን ከቤታቸው ሆነው ሠርተው የሥራ ውጤታቸው በ13 በመቶ ከፍ አለ። ይህ ቁጥር በብዙ የተቋማት የለውጥ ሰነዶች ሲደጋገም፣ አንድ ሠራተኛ በሙከራው ለመሳተፍ ማሟላት የነበረበት ነገር ይዘለላል። ተሳታፊው ቢያንስ ስድስት ወር ያገለገለ፣ በቤቱ ፈጣን ኢንተርኔት ያለውና ብቻውን ሊሠራበት የሚችል ክፍል ያለው መሆን ነበረበት። ሙከራው አብቅቶ ምርጫ ሲሰጣቸውም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ወደ ቢሮ የተመለሱት ብቸኝነትን በዋነኛ ምክንያትነት አነሡ። ይኸው ኩባንያ ትሪፕ ዶት ኮም በሚለው ስሙ በ1,612 ሠራተኞች ላይ ያደረገውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ሁለተኛ ሙከራ መካከለኛውን መንገድ ፈተነ። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት የሥራ ውጤትን ሳይቀንስ፣ ሥራ የሚለቁ ሠራተኞችን ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ያህል ዝቅ አደረገ።

ከእነዚህ ውጤቶች ይልቅ ቅድመ ሁኔታዎቹን ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ይከብዳል። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በተስፋፋው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር የተሠሩት ቤቶች ስቱዲዮ፣ ባለአንድ፣ ባለሁለትና ባለሦስት መኝታ ናቸው። በስቱዲዮ ቤት መኝታው፣ ሳሎኑና የሥራ ጠረጴዛው አንድ ክፍል ነው። ባለአንድ መኝታው ቤት ቢሆን ልጅ የሚያጠናበት፣ ዘመድ ከገጠር ሲመጣ የሚያርፍበትና እንግዳ የሚስተናገድበት ነው። በግቢ ኪራይ የሚኖረው ወጣት ሠራተኛ ደግሞ የመብራቱ ሂሳብ ከአከራዩ ጋር የጋራ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር መሰካቱ ራሱ ጥያቄ ያስነሣበታል። ሴት ሠራተኛ ቤት ስትውል ቤተሰቡ ያለችው ሥራ ላይ ነው ብሎ አይቆጥራትም፤ የቢሮው ሥራ በቤቱ ሥራ ላይ ይደረብባታል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ተቋሙ ሠራተኛውን ወደ ቤት ሲልክ የቢሮ ኪራዩን፣ የመብራት ወጪውንና የጸጥታውን ጉድለት አብሮ ይልክበታል።

በሌላ በኩል ሁሉም በየቀኑ ወደ መሀል ከተማ ይምጣ ማለትም መፍትሔ አይሆንም። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ ወይም ከቦሌ አራብሳ ተነሥቶ ፒያሳ የሚደርስ ሠራተኛ የቀኑን ምርጥ ሰዓታት በታክሲ ሰልፍና በመንገድ መጨናነቅ ያሳልፋል። ቀላል ባቡሩ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚዘልቀውን መስመር እንጂ እነዚህን ዳርቻዎች ሁሉ አያዳርስም። የአዲስ አበባ ጥያቄ እንግዲህ ቤት ወይስ ቢሮ የሚል አይደለም። ቤቱ ሊሸከም ያልቻለውን የትኛው ቦታ ይሸከመው የሚል ነው።

ሰፈሩ ይሸከመው የነበረ

ለዚህ ጥያቄ ፒያሳ ራሷ የቆየ መልስ ነበራት። ቤትና ሥራ ፈጽመው የተለያዩት በቅርቡ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በነበረው የአራዳ ገበያ ዙሪያ፣ የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ካሠሯቸው ቤቶች ብዙዎቹ ምድር ቤታቸው ሱቅ፣ ፎቃቸው መኖሪያ፣ በረንዳቸው የሁለቱ መገናኛ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ዋናውን ገበያ ወደ መርካቶ ሲያዛውር ለአካባቢው ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶለት ሄደ፤ የመሥሪያ ቤት፣ የሲኒማና የካፌ ሰፈርነቱ ግን ጸና። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራው ማዘጋጃ ቤትም የአስተዳደር ቢሮዎችን ከቴአትር አዳራሽ ጋር አጣምሮ የያዘ ነው። ጉዳይ ሊያስፈጽም የሚመጣውና ተውኔት ሊያይ የሚመጣው ወደ አንድ ግቢ ይገባሉ።

የአካባቢው መሥሪያ ቤቶች ጠባብ ክፍሎችን ተከራይተው ሰፊ ሰፈር ይጠቀሙ ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው ቶሞካ ቡና ቆሞ የሚጠጣበት ቤት ነው፤ አሥር ደቂቃ ለሚፈጅ ምክክር ከዚያ የተሻለ የስብሰባ ቦታ አይገኝም። የመሥሪያ ቤቱ እቁብ ዕጣ የሚወጣው ከምሳ በኋላ በአንዱ ካፌ ነው። የእድር መዋጮ የሚሰበሰበው፣ ሐዘን የደረሰበት ባልደረባ ቤት በማን መኪና እንደሚኬድ የሚወሰነው በኮሪደር ላይ ነው። አዲስ ተቀጣሪ ደብዳቤ ለየትኛው ኃላፊ በምን አኳኋን እንደሚጻፍ፣ የተቆጣ ባለጉዳይ እንዴት እንደሚያዝ የሚማረው ነባሩ ሠራተኛ ሲያደርገው አይቶና ማኪያቶ ላይ ጠይቆ እንጂ ከመመሪያ አንብቦ አይደለም። የተቋም ባህል የሚባለው በመግቢያው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የራእይና የተልእኮ ሰሌዳ ሳይሆን የእነዚህ ልማዶች ድምር ነው። ልማዶቹም በአብዛኛው ያደሩት መሥሪያ ቤቱ ኪራይ በማይከፍልበት ቦታ ነበር።

ሰፈሩ ሲፈርስ ተቋማቱ ያጡትን በሂሳብ መዝገባቸው ላይ አያገኙትም። ርካሹ የምሳ ቤት፣ የፎቶ ኮፒ ሱቁ፣ የጀበና ቡና የምታፈላው ሴት ያሉበት ጎዳና ሲቀር፣ በውስጡ ይካሄድ የነበረው መማማርና መተዋወቅ ወይ ወደ ሕንፃው ውስጥ ይገባል ወይ ይጠፋል። ሠራተኛው ቢሮ የሚገኘው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ደግሞ የመጥፋቱ ዕድል ይበልጣል።

የሁለት ንድፎች ጉድለት

በከተማዋ የሚታዩት የቢሮ ንድፎች በአመዛኙ ሁለት ናቸው። ነባሩ፣ በጨለማ ኮሪደር ግራና ቀኝ የተደረደሩ የተዘጉ ክፍሎች ያሉት፣ ወደ ኃላፊው ለመግባት በጸሐፊዋ ክፍል የሚታለፍበት ነው። አዲሱ፣ መስታወት የለበሰ፣ በአንድ ሰፊ ወለል ላይ ጠረጴዛ የተደረደረበት ክፍት ቢሮ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም የሚነሡት ከአንድ ስሌት ነው፦ ስንት ሰው አለ፣ ስንት ጠረጴዛ ይግባ።

የክፍት ቢሮ ተስፋ ግን በጥናት ተፈትኗል። ኤታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ ክፍት ቢሮ በተሸጋገሩ ሠራተኞች መካከል ፊት ለፊት መነጋገር በ70 በመቶ ያህል ቀንሶ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ጨምሯል። ሰው ሁሉም በሚያየውና በሚሰማው ቦታ ላይ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ራሱን ይሸሽጋል። መተያየትና መነጋገር አንድ አይደሉም ማለት ነው። በተቃራኒው ቶማስ አለን እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ሥራው፣ በመሐንዲሶች መካከል ያለው ግንኙነት በጠረጴዛቸው መካከል ያለው ርቀት በጨመረ ቁጥር በፍጥነት እንደሚያሽቆለቁል አሳይቷል። ርቀቱ ሃምሳ ሜትር ያህል ሲደርስ ቅርበት ያመጣው የነበረው ጥቅም ከሞላ ጎደል ያበቃል። ግድግዳን ማፍረስ ብቻውን ግንኙነትን አይፈጥርም፤ ግድግዳን ማብዛትም ይገድለዋል።

ከዚህ የከፋው ስሕተት የቅይጥ ሥራ ንድፍን ከውጭ እንዳለ መቅዳት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ከወረርሽኙ ወዲህ የተስፋፋው አስተሳሰብ ትኩረት የሚሻውን ሥራ ለቤት ትቶ ቢሮውን የመሰብሰቢያና የመዝናኛ ሳሎን ያደርገዋል። ይህ የሚሠራው ቤቱ ጸጥታ ሲኖረው ነው። በአዲስ አበባ ለብዙ ሠራተኞች ጸጥታ የሚገኘው ቢሮ ነው። ለስላሳ ሶፋና ደማቅ ቀለም ያለው ሳሎን ብቻ የሚያቀርብ ቢሮ፣ በር ዘግቶ ሪፖርቱን የሚጽፍበት ቦታ ለሌለው ሠራተኛ በቤቱ ያጣውን በሥራ ቦታውም ይነሣዋል። ስለዚህ የፒያሳ አዲስ ቢሮ ሁለት ሸክም አለበት፤ ሰፈሩ ይሰጠው የነበረውን መገናኛና ቤቱ ሊሰጠው ያልቻለውን ጸጥታ።

መሠረት ከመጣሉ በፊት

ይህን ሁለት ሸክም የሚችል ሕንፃ በመጀመሪያ የጠረጴዛን ስሌት ይተዋል። የሠራተኛው አንድ ሦስተኛ በየቀኑ ከቢሮ ውጭ የሚውል ከሆነ የሚተርፈው ወለል ለተጨማሪ ኪራይ ከመዋሉ በፊት በር ላላቸው ትንንሽ የጸጥታ ክፍሎች፣ አዲስና ነባር ሠራተኛ ጎን ለጎን ለሚቀመጡባቸው የጋራ ጠረጴዛዎች፣ ለምሳና ለቡና ቦታ ይመደብ። የምሳ ዕቃ ማሞቂያና ጀበና የሚጣድበት ጥግ በንድፉ ላይ ስም ያለው ቦታ ይሁን፤ በደረጃ ሥር የሚደበቅ አይሁን። ምድር ቤቱ ለአላፊ አግዳሚው ክፍት ሆኖ ለተፈናቀሉት ትንንሽ ካፌዎችና ሱቆች በሚችሉት ኪራይ ቢሰጥ፣ ሕንፃው የበላውን ሰፈር በከፊል ይመልሳል። የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ መቆየቱም፣ ማቆያው ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚፈለግ ትርፍ ክፍል ሳይሆን ከመነሻው የሚነደፍ መሆኑን ያመለክታል።

ሁለተኛው እርምጃ ከፒያሳ ውጭ ነው። ከቢሮ ውጭ የሚውለው ቀን የግድ በመኝታ ቤት መዋል የለበትም። በትልልቆቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ መጠባበቂያ ጄኔሬተርና አስተማማኝ መስመር ያላቸው፣ ብዙ ተቋማት በጋራ የሚከራዩዋቸው የሰፈር ቢሮዎች ሊቋቋሙ ይችላሉ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ ተቋማት በአንድ ጣሪያ ሥር ተገልጋይን ማስተናገድ እንደሚችሉ አሳይቷል። ለተገልጋዩ የተሞከረው ለሠራተኛው የማይሞከርበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው የሕግና የአስተዳደር ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቤት ውስጥ ስለሚከናወን ሥራ የሚደነግገው፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር በቤቱ የሚሠራን ሰው አስቦ ነው። ሦስት ቀን ቢሮ፣ ሁለት ቀን ሌላ ቦታ የሚውለው ሠራተኛ በዚህ አቀራረጽ ውስጥ በግልጽ አይታይም። የኢንተርኔቱንና የመብራቱን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ መስመር የተቋረጠበት ቀን እንዴት እንደሚቆጠር ቢያንስ በኅብረት ስምምነት ሊወሰን ይገባል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የአለቆች ስጋት ነው፤ ሠራተኛው ካልታየ አይሠራም ይላሉ። የጠዋት ፊርማውና የጣት አሻራ መቆጣጠሪያው የቆሙት በዚህ እምነት ላይ ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ የሥራ ውጤት በማይለካበት ተቋም ውስጥ መገኘት ብቸኛው መለኪያ ይሆናልና። ነገር ግን አሻራ የሚያረጋግጠው ጣቱ መድረሱን ብቻ ነው። በትሪፕ ዶት ኮም ሙከራ ላይም አለቆቹ ከመጀመሩ በፊት ምርታማነት ይቀንሳል ብለው ገምተው፣ ካዩት በኋላ ግምታቸውን ለውጠዋል። የወለሉ ዋጋ ውድነትም ሌላው ተቃውሞ ነው። ሆኖም በየሳምንቱ ሁለት ቀን ባዶ ለሚውል ጠረጴዛ የሚከፈለው ኪራይ ከጸጥታው ክፍልና ከቡናው ጥግ አይረክስም።

የጎደለው ነገር በመጀመሪያ ደረጃ መረጃ ነው፤ እሱም ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመጥን ሥራ ነው። በአራዳ ክፍለ ከተማ ባሉ አሥር መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ከረፋዱ አራት ሰዓትና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንት ጠረጴዛ ሰው እንዳለበት መቁጠር፣ ሠራተኞቹ ከየት እንደሚመጡና በቤታቸው በር የሚዘጋ ክፍል እንዳላቸው መጠየቅ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የሥነ ሕንፃ፣ የሥራ አመራርና የሥነ ማኅበረሰብ ተማሪዎች በአንድ ወሰነ ትምህርት ሊያከናውኑት ይችላሉ። ያ ቁጥር ሳይታወቅ የሚነደፍ ሕንፃ በማይታወቅ ሠራተኛ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ልብስ ደግሞ ይቀየራል፣ በፒያሳ የሚቆመው ሕንፃ ግን ዛሬ ከሚቀጠረው ወጣት ጡረታ በኋላም በዚያው ቦታ ይኖራል።