ደላላ ማሰር እቶን አያለብስም

ፍኖተ ሰላም ይሁን ቡሬ፣ ቤት የጀመረ ሰው ሲሚንቶ ሲወደድበት የሚራገመው ደላላውን ነው። ደላላው ከደሙ ንጹህ ነው አልልም። ባለሥልጣናቱ ግን ጣታቸውን እሱ ላይ ብቻ ሲቀስሩ የሚዘሉት ነገር አለ፤ ጡቡን።

የሲሚንቶ ፋብሪካ ልቡ የሚሽከረከር ረጅም የብረት እቶን ነው። ድንጋዩ ክሊንከር የሚሆነው በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ነበልባሉማ 2,000 ይጠጋል። ብረት እኮ 1,500 አካባቢ ይቀልጣል! የሚያድነው ከውስጥ የለበሰው ጡብ ነው። ተራው የሸክላ ጡብ በክሊንከሩ ኖራ ተበልቶ ያልቃል። ስለዚህ በጣም በሚግለው ክፍል የሚደረደረው የማግኔዥያ ጡብ ነው፤ ማግኔዥያ እስከ 2,800 ዲግሪ አይቀልጥም።

እሱም ቢሆን አላቂ ነው፣ በየጊዜው ይቀየራል። ማግኔዥያን በብዛት የምታመርተው ቻይና ናት፤ መግዣው ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ የጡቡ ሒሳብም አብሮ ናረ።

ከዶላሩ የሚብሰው ግን መብራቱ ነው። ኃይል ድንገት ሲቋረጥ እቶኑ ይቆማል፣ ጡቡ ይቀዘቅዛል፤ እንደገና ሲግል ይሰነጠቃል። በዶላር የተገዛ ዕድሜ በመብራት መቆራረጥ ያጥራል። መጋዘን ውስጥ እርጥበት ካገኘውም አብጦ ይፈረካከሳል፣ ክረምታችንን ታውቁታላችሁ።

መስከረም 2017 የለሚ ፋብሪካ ተመረቀ፤ እሰየው። ሪባን የሚቆረጠው ግን ለኩንታሉ ነው፣ ለጡቡ ማን ሪባን ይቆርጣል? ዋጋ መተመንም ተሞክሮ ታይቷል። ባንኮች የጡብ መግዣ ምንዛሬን ያስቀድሙ፤ እቶኖቹ የማይቆራረጥ መስመር ይሰጣቸው። ደላላውን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።