ቢት ለመሥራት «ክራክ» ግድ አይደለም

ከሥራ መልስ ላፕቶፑን ከፍቶ ቢት የሚያቀናብር ወጣት በከተሞቻችን ጥቂት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከጓደኛ ፍላሽ በተገለበጠ «ክራክ» ማለትም የፈቃድ ቁልፉ በተሰበረ ኤፍኤል ስቱዲዮ የተባለ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው። አብሮት የሚመጣው መመሪያ ደግሞ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። የባንክ የይለፍ ቃሉና የቤተሰቡ ፎቶ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ፕሮግራም የሚጫነው እንዲህ ነው።

ምክንያቱ ንፉግነት ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የተተመነ ዕቃ ሁሉ እጅ ያቃጥላል፤ ገንዘቡ ቢኖር እንኳ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። ይህን እንረዳለን።

ሆኖም ሕጋዊው መንገድ ዝግ አይደለም። ኤልኤምኤምኤስ የተባለው የቢት መሥሪያ ፕሮግራም ነጻ ነው። ክራሩን ቀርጾ ማስተካከል ለሚፈልግ አውዳሲቲ ያለ ክፍያ ይገኛል። ሪፐር የተባለው የሙዚቃ መቅረጫና ማቀናበሪያ ፕሮግራም ምንም ሳይጎድለው ለ60 ቀን ይሞከራል፤ ከዚያ በኋላ የግል ተጠቃሚ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮም አንዴ ለገዛው ሰው ቀጣይ ማሻሻያዎችን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል።

ዘፈኑ ያለ ፈቃድ ሲባዛ የሚያመው አቀናባሪ የሚከለልበት የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ፕሮግራሙን የጻፈውም እንደ እሱ ደራሲ ነው። ባንኮች በበኩላቸው ለእንዲህ ያለ አነስተኛ ግዢ የሚሆን ካርድ ለወጣቶች በቀላሉ ያቅርቡ።