ለጣና ጀልባ ከዳውንሪገር በፊት ሽቦው ይታሰብ

ገብስና ባቄላ በሚዘራበት በወገራ ደጋ፣ በአምባ ጊዮርጊስ የሚኖር ሰው ስለ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሲጽፍ ያየ አንባቢ «ይህን ደገኛ ከውኃ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ በዐቢይ ጾም ወራት ከጣና ዳር ከጎርጎራ ተጭኖ ጎንደር ገበያ የሚወጣውን ዓሣ ከሚገዙት መካከል እኛ ደገኞች እንደምንገኝበት ብቻ ላስታውስ። ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በቶሮንቶ ወይም በቺካጎ የከረመ ወገናችን፣ በዚያ ባየው ጥበብ ተደንቆ፣ «ለጎርጎራ ዘመዴ ኤሌክትሪክ ዳውንሪገር ልላክለትን?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ብለን እንመልስለት የሚለው ነው።

መሣሪያው በራሱ የሚናቅ አይደለም። በጀልባው ጠርዝ ላይ የሚታሰር ከበሮ፣ በከበሮው ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የብረት ገመድ፣ በገመዱም ጫፍ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ግራም የሚመዝን የእርሳስ ድብልብል አለው፤ የመንጠቆው ክር በአንዲት መቆንጠጫ ተይዞ ከእርሳሱ ጋር ይወርድና፣ ጀልባዋ በዝግታ ስትጓዝ አጥማጁ በወሰነው ጥልቀት ላይ ይጎተታል፤ ዓሣው በነከሰ ጊዜም ክሩ ከመቆንጠጫዋ ተፈትቶ ትግሉ በአጥማጁና በዓሣው መካከል ብቻ ይኾናል። ያን ከባድ እርሳስ መልሶ የሚያወጣው በአንደኛው ዐይነት የእጅ መዘውር፣ በሁለተኛው የ12 ቮልት ሞተር ነው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የተስፋፋውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የሳልሞን ጫጩት ወደ ሚሺጋን ሐይቅ ገባሮች ከተለቀቀ በኋላ፣ ዓሣው በበጋ ከላይኛው ሞቃት ውኃ እየሸሸ በቀዝቃዛው ጥልቅ ስለሚሰወር፣ ጥልቀቱ 281 ሜትር በሚደርስ ሐይቅ ውስጥ መንጠቆን አውርዶ በተፈለገው ልክ ማቆየት ግድ ኾነ።

ጣና ግን ባሕርዩ ሌላ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ጥልቁ ስፍራው 14 ሜትር ያህል፣ አማካይ ጥልቀቱም ከ8 እስከ 9 ሜትር ብቻ በመኾኑ፣ ነፋስ ከላይ እስከ ታች እያማታ ስለሚያዋሕደው ዓሣ የሚሸሸግበት የተለየ ቀዝቃዛ ጥልቅ አይጸናበትም። እንዲህ ላለው ውኃ በክሩ ላይ ጥቂት መቶ ግራም እርሳስ ማሰር ይበቃል፤ ባለ ሞተር ከበሮ መግዛት ጎንበስ ብሎ በቅል ለሚቀዳ ምንጭ የሃምሳ ክንድ ጠፍር እንደ ማዘጋጀት ነው። በዚያም ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜናዊው ዳርቻ ከታየ ወዲህ የተስፋፋው እምቦጭ አለ፤ የሞተርን ማሽከርከሪያ አንቆ የሚያቆመው አረም ከጀልባ የተንጠለጠለ ገመድ ሲያገኝ አይምርም። በደንገል ታንኳ የሚወጣው አጥማጅም መረቡን በውኃው ውስጥ ዘርግቶ ያድራልና፣ 6 ኪሎ እርሳስ ያንጠለጠለ ጀልባ ቢያልፍበት የሚቀደደው የድኻ ንዋይ ነው። ስለዚህ ፍርዴን አልሸሽግም፤ ለጣና ኤሌክትሪክ ዳውንሪገር አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ዳውንሪገሩ ቢቀር ሽቦው አይቀርም፤ የሌሊት መብራት፣ ከጀልባ ሆድ ውኃ የሚያወጣ ፓምፕ፣ ጥልቀት መለኪያ ያለው ጀልባ ሁሉ ሽቦ አለውና። ብዙ ጊዜ የሚታየው ለቤት ተብሎ የተገዛ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በናስትሮ ተጠቅልሎ ከባትሪው ጋር ሲታሰር ነው። በቤት ባለ 220 ቮልት መሥመር ላይ እምብዛም የማይታወቀው ጥፋት በ12 ቮልት ላይ እንዴት ከባድ እንደሚኾን በአኀዝ እናስረዳ፤ የዳውንሪገር ሞተር እርሳሱን ሲያወጣ 20 አምፔር ይስባል፣ ከባትሪውም 5 ሜትር ይርቃል እንበል። ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚመለስ ስለ ኾነ የሽቦው ርዝመት 10 ሜትር ይኾናል፤ በባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ላይ 1.4 ቮልት በመንገድ ይጠፋል፣ ይህም ከ12ቱ ከመቶ 12 እጅ ያህል ማለት ነው። ሞተሩ ይደክማል፣ ሽቦው ይሞቃል፣ ባለቤቱም ዕቃውን ይረግማል። ሽቦው ባለ 10 ቢኾን ግን የሚጠፋው 0.35 ቮልት፣ ከመቶ 3 እጅ ያልሞላ ነው። ፊውዙም ቢኾን ብዙዎች እንደሚያስቡት በዕቃው አጠገብ ሳይኾን ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ የፊውዝ ተቀዳሚ ሥራ ሽቦውን ከቃጠሎ መጠበቅ ነውና፣ ከእርሱ በፊት ያለው ሽቦ ሁሉ ጠባቂ የለውም። ቤንዚን በተጫነበት ጀልባ አንዲት ብልጭታ ምን እንደምታደርግ መናገር አያሻም። የሞተር ማስነሻው ባትሪም ለሌላ አገልግሎት አይነካ፤ ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሣ በባሕሩ መካከል ባትሪው ባዶ የኾነበት ሰው ምክንያቱን ራሱ ይነግራችኋል።

ጥልቅ ውኃ የሌለን ሕዝብ አይደለንም። በዋግ ኽምራ ወገኖቻችን በሚያጠምዱበት በተከዜ፣ ቁመቱ 188 ሜትር በኾነው ግድብ ኋላ የተኛው ውኃ፣ እንዲሁም የዓባይ ግድብ ሐይቅ ይህን መሣሪያ ሊጠይቁ ይችላሉ። በዚያም ቢኾን እኔ የምመርጠው የእጅ መዘውር ያለውን ነው፤ ቢሰበር የአገር ቀጥቃጭ ይጠግነዋል፣ የኤሌክትሪኩ ሞተር ቢቃጠል ግን መለዋወጫው ውቅያኖስ አቋርጦ እስኪመጣ ሥራ ይቆማል። (በስምጥ ሸለቆው ያለው ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ጨዋማ ውኃው ግን ለዓሣ እምብዛም አይመችም።)

ዳውንሪገር ልላክ ላለው ወገን ግን አንድ ነገር ልመሰክርለት ይገባል፤ በሚጎተት መንጠቆ ማጥመድን መምረጡ መልካም ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሆላንዳውያን ርዳታ፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ተባባሪ ኾና፣ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ሲገባ ብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ አግኝቷል፤ ነገር ግን ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ መገጭ፣ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሲወጣ በወንዞቹ አፍ የተዘረጋው መረብ ከነዕንቁላሉ ስለ ሰበሰበው ቁጥሩ እጅግ ተመናምኗል። በሌላው ዓለም የማይገኙት የጣና ነጭ ዓሣ ዐይነቶች ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸውና የሚጎተት መንጠቆን ይነክሳሉ፤ አንድ በአንድ የሚይዝ መንጠቆም በወንዝ አፍ ከተዘረጋ መረብ እጅግ ይሻላል። ለዚህ ግን ቀላል እርሳስና ጠንካራ ክር ይበቃል።

እንግዲህ በሩቅ ሀገር ያላችሁ ወገኖች፣ ለጎርጎራ አጥማጅ መላክ ካሰባችሁ፣ ቆርቆሮ የተቀባ ባለ 10 የመዳብ ሽቦ፣ ውኃ የማያስገባ የፊውዝ ቤት፣ ሁለተኛ ባትሪና ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ጃኬት ላኩለት፤ ዳውንሪገሩን ግን በዚያው በምታጠምዱበት ሐይቅ ተጠቀሙበት።