ቡችላ የሚማርበት ጊዜ

በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በሰመራ የጭነት መኪናዎች በሚያድሩበት ሥፍራ ብትቆሙ ሁለት ዓይነት ውሻ ታያላችሁ። አንደኛው ሰው ጎንበስ ባለ ቁጥር ድንጋይ የሚያነሣ መስሎት የሚሸሽ ነው። ሁለተኛው በግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ያየውን ሁሉ ለመንከስ የሚዘል ነው። ሁለቱም ክፉ ሆነው አልተወለዱም፤ ጠባያቸው የተቀረጸው ሰዎች «ገና ሕፃን ነው፣ ምን ያውቃል» በሚሉበት ሰሞን ነው።

ቡችላ ሲወለድ ዓይኑ የተከደነ፣ ጆሮውም የተደፈነ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያውቀው የእናቱን ሙቀት፣ ሽታዋንና ወተቷን ብቻ ነው። ዓይኑ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል፤ በ3ኛው ሳምንት ገደማ ጆሮው ይከፈታል፣ ጥርሱም ብቅ ማለት ይጀምራል። ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ብዙ ዓመት ቡችሎችን ሲመረምሩ ቆይተው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላው ወዳጁ ማን እንደ ሆነ የሚለይበት ነው። ቀደም ብሎም፣ በ1961 ውጤቱ በታተመ ምርመራ፣ ሰው ሳይቀርባቸው እስከ 14ኛው ሳምንት በታጠረ ሜዳ ያደጉ ቡችሎች ሰውን እንደ አውሬ የሚሸሹ፣ ለማልመድም እጅግ አስቸጋሪ ሆነው ተገኝተዋል።

እንግዲህ «ውሻው ኃይለኛ እንዲሆን በጨለማ እሰረው፣ ሰው አታሳየው» የሚለውን ምክር እንመልከት። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ በዚህ ይከራከሩኛል። እኔ ግን እላለሁ፤ እንዲህ ያለው አያያዝ የሚያወጣው ፈሪ እንጂ ዘበኛ አይደለም፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውንና ውሃ ልትቀዳ የምታልፈውን ልጅ አይለይም።

ቡችላውን 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። በጨዋታ ላይ ወንድሙን ጠንክሮ ሲነክሰው ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን ይተወዋል፤ የጥርስን ልክ የሚማረው በዚህ ነው። ይህን ትምህርት እኛ ልናስተምረው ብንሞክር ብዙ እንደክማለን። ከዚያ በኋላ ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችን፣ ግመልን፣ የመኪናውንም ጩኸት ሳይደነግጥ ቀስ በቀስ ይልመድ።

ፍየል ለሚያረቡ ሰዎች ነገሩ ከዚህም የበለጠ ዋጋ አለው። በናሚቢያ ከ1994 ጀምሮ የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ለገበሬዎች የእረኛ ውሻ ቡችሎች ሲሰጥ ቆይቷል። ቡችላው ገና በሕፃንነቱ በረት ገብቶ ከፍየሎቹ ጋር ይበላል፣ ከእነርሱም ጋር ይተኛል፤ ሲያድግም መንጋውን እንደ ዘመዶቹ ቆጥሮ ከአውሬ ይከላከላል። በብዙ የእስልምና መምህራን ዘንድ የውሻ ምራቅ ርኩስ ቢሆንም የመንጋ ጠባቂ ውሻ የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ ከቤት ውጭ በበረት የሚያድገው ይህ ዓይነት ውሻ ለአፋር ቤተሰብ የሚከብድ አይመስለኝም። ብቻ ግልገሎቹን እያሳደደ ጆሯቸውን መንከስ ሲጀምር ዛሬውኑ ይከልከል፤ ነገ ልማድ ይሆናል።

ቅጣትን በሚመለከት፣ ውሻ የሚያያይዘው አሁን ያደረገውንና አሁን ያገኘውን ነው። ጠዋት ላኘከው ጫማ ቀትር ላይ ብትመቱት የሚማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው። ጫማውንም ቢሆን በክፋት አላኘከም፤ ከ4ኛው ወር ጀምሮ የወተት ጥርሱ ስለሚለወጥ ድዱ ያሳክከዋል። ይልቅ ስሙን ጠርታችሁ ሲመጣ ወዲያው ቁራሽ ስጡት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ጊዜውም ማለዳና ማታ ይሁን። ውሻ የሚያልበው በመዳፉ ብቻ ስለ ሆነ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ የቀትሩ አስፋልት ደግሞ መዳፉን ይልጠዋል።

3 ወር ሲሞላው ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት፤ ክትባቱም በጊዜው ይታደስለት። የማንም ውሻ ሰው ቢነክስ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ሕመሙ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውምና።