ደጀኑ በማን ስም ይፈርም?

ዘማች ሲሸኝ የሕዝቡ ዓይን የሚያርፈው በሚሄደው ላይ ነው። ምርቃቱም ስንቁም ለእርሱ ነው። ከሽኝቱ ማግስት በሯን ዘግታ ወደ ጓዳዋ የምትመለሰው ሚስት ግን «ጠባቂ» ተብላ ትታለፋለች። ይህ አመለካከት ከተጨባጩ ሁኔታ ጋር የማይጣጣም በመሆኑ ሊታረም ይገባዋል። ባል ባሕር ማዶ በዘመተበት ቤት ሚስት ስትጠብቅ ብቻ አትውልም፤ ታመርታለች፣ ትነግዳለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። የሚጎድላት ብርታት ሳይሆን ሥልጣን ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ኮርያ ተጓዘ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ሦስት ሻለቆች ተፈራርቀው ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ ወድቀዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። በ1952 ዓ.ም. ኮንጎ፣ በ1986 ዓ.ም. ሩዋንዳ፣ በ1996 ዓ.ም. ላይቤሪያና ብሩንዲ፣ በ2003 ዓ.ም. አብዬ ተከተሉ። በጥር 2006 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሊያ የነበረው ሠራዊታችን የአፍሪካ ኅብረትን ተልዕኮ ተቀላቀለ። የዘማቾቹ ገድል ተጽፏል። በእነዚያ ዓመታት በየጓዳው የተሠራው ሥራ ግን ጸሐፊ አላገኘም።

ወደ አሰላ እንምጣ። በጭላሎ ተራራ ሥር ያለው ደጋ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ ስንዴ ደግሞ ቀጠሮ የማይቀበል ሰብል ነው። በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፣ በመካከሉም ዋግ ይመጣል። በ2003 ዓ.ም. የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ግንደ ዋግ ያደረሱትን ጥፋት የአርሲ ገበሬ አይረሳውም፤ በሁለተኛው ጊዜ «ዲገሉ» የተባለው ዝርያ ክፉኛ ተመትቷል። ዋግ በማሳ ላይ ሲታይ መድኃኒት የሚረጨው በቀናት ውስጥ ነው። ገንዘብ የሌለው ይበደራል። እንግዲህ ባሏ በሩቅ ግዳጅ ላይ ያለባት ሴት ለብድር ስትሄድ «ባለቤትሽ መጥቶ ይፈርም» ብትባል ምን ታድርግ? ዋጉ የባልን የአንድ ዓመት ግዳጅ ቆሞ አይጠብቅም።

ጸሐፊው ሰበብ እየፈለገ አይደለም ይባል ይሆናል፤ ሕግ አለውና። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ ቤትን ለመሸጥም ሆነ ለማከራየት፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። በዛሬ ገበያ 500 ብር ምን ያህል እንደሚገዛ ለወዝአደሩ መንገር አያሻም። አርሲ የሚተዳደረው በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ቢሆንም፣ የጋራ ሀብት በጋራ ፈቃድ ይተዳደራል የሚለው መሠረት አንድ ነው። መሠረቱም ትክክል ነው፤ ሴትን ከማታውቀው ሽያጭ ያዳነ ሕግ ነውና። ቅራኔው የሚፈጠረው ከፈራሚዎቹ አንዱ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ሲገኝ ነው።

መፍቻው ውክልና ነው፤ እዚህ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። «ጠቅላላ ውክልና» የተባለ ወረቀት ሁሉን የሚያስፈጽም ይመስላቸዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204 እንዲህ ላለው ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው፤ ሰብል መሸጥ፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየትና የመሳሰለውን ማለት ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስና ለመከራከር በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለሆነም ሥልጣኑ በዝርዝር ይጻፍ፤ መበደርም በስሙ ይጠቀስ።

ስለ ዶላሩ ወሬም አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከሰኔ 2010 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ለአንድ ወታደር በወር 1,428 ዶላር መክፈል ጀምሮ ነበር። ይህ ለላኪው መንግሥት የሚተካ ወጪ እንጂ በቀጥታ ለወታደሩ እጅ የሚሰጥ ደመወዝ አይደለም። ይህን ያልተረዳ አከራይ የዘማችን ሚስት ባለዶላር አድርጎ ቆጥሮ ኪራይ ቢጨምርባት፣ ሐሜት ወደ ብዝበዛ ተሸጋገረ ማለት ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የገበሬ ማኅበራት የዘማች ማሳ በጋራ ያርሱ ነበር። የዚያ ዘመን ብዙ ነገር አልፏል፤ ያስገደደውም አስገድዶ አልፏል። ደቦው ግን፣ በኦሮምኛው ጂጊ የሚባለው፣ ከዚያም በፊት የነበረ በመሆኑ ዛሬም አለ። ለአጨዳ ይበቃል፤ የሚያስፈርም መዝገብ ፊት ግን አያቆምም። የቀበሌው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ ሚስት ውክልናዋን ይዛ ስትቀርብ ሌላ ዋስ፣ ሌላ ወንድ ምስክር አለመጠየቅ። እድሩም በባል ስም የተመዘገበውን አባልነት በሚስት ስም ያስቀጥል፤ ባሏ ለቀብር አልቆመም ብሎ ቅጣት አይጻፍባት። መሥሪያ ቤቷም ልጅ ለማሳከም የምትወስደውን ቀን እንደ ቀሪ አይቁጠርባት፤ በዚያ ቤት ልጁን ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ ሁለተኛ ወላጅ የለምና።

ወታደሩ ከመሄዱ በፊት ይሠለጥናል፣ ይመረመራል፣ የቢጫ ወባ ክትባት ይወጋል። በዚያው ዝግጅት ላይ ከሚስቱ ጋር ሰነድ አረጋጋጭ ፊት የሚቆምበት አንድ ግማሽ ቀን ይጨመርለት፤ ወረቀቱም በእርሱ ሻንጣ ሳይሆን በእርሷ ሣጥን ይቀመጥ።